ከወሎ ለአማራ ክልል ምክር ቤት የሚመረጥ ተወካይ ሕይወትና ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ ከተማ ሥነ ዜጋን ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ከተማሪዎቼም፣ ከወላጆቻቸውም፣ በቅሬ (በእድር) ስብሰባ ላይ ከምገናኛቸው ጎረቤቶቼም ስለ ክልል ምክር ቤት ተወካዮች የሚቀርብልኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። በየጊዜው በሚዘጋጁ የመራጭና ተመራጭ መድረኮች ላይ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እጠራ ስለነበርም፣ ሕጉ ከሚለው ባሻገር ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል በቅርብ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። እዚህ የሰፈሩት መልሶች ከሁለቱም የተቀዱ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ነገር አለ፤ ተወካይ ባሕር ዳር ሄዶ ምን ተናገረ ከሚለው እኩል፣ ምን መልስ ይዞ ተመለሰ የሚለውም ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የክልል ምክር ቤት አባልና የፓርላማ አባል አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ በልማድ ግን ሁለቱንም «የፓርላማ ተመራጭ» እያልን ስለምንጠራ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አዲስ አበባ የሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመላ አገሪቱ የሚሠሩ ሕጎችን የሚያወጣ ሲሆን፣ የአባላቱ ቁጥር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ከ550 አይበልጥም። የአማራ ክልል ምክር ቤት ደግሞ 294 መቀመጫዎች ያሉት፣ ባሕር ዳር የሚሰበሰብና በክልሉ ሥልጣን ሥር በሚወድቁ ጉዳዮች ላይ ሕግ የሚያወጣ አካል ነው። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል መሆኑንና ተጠሪነቱም ለወከለው የክልሉ ሕዝብ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። በምርጫ ቀን ለአንድ መራጭ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ለክልሉ ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ሰው ስለሚመረጥ፣ «የእኛ ተወካይ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ስም ብቻ አይሆንም።

የክልሉ ምክር ቤት አባል እጅ ያለው ሥልጣን ሰዎች ከሚገምቱት ይሰፋል። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚመርጠው ይኸው ምክር ቤት ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ከፋለን ተክተው አቶ አረጋ ከበደ የተሰየሙት በዚሁ ምክር ቤት ድምፅ ነበር። ክልሉን በፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክሉ ሰዎች የሚላኩትም በእሱ በኩል ነው። የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻል ቢፈለግ እንኳ ጉዳዩ በክልል ምክር ቤቶች ሳያልፍ አይጸናም፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ የሰፈሩትን መብቶችና ነጻነቶች ለመለወጥ ደግሞ አንቀጽ 105 የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች ይሁንታ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ከመቅደላ ወይም ከቆቦ የተመረጠ ሰው በዚያ አዳራሽ የሚያነሳት እጅ እስከ አገሪቱ መሠረታዊ ሕግ ድረስ ትደርሳለች።

ወሎ በሕግ አውጪ ምክር ቤት መወከል የጀመረው መቼ ነው?

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ሲቋቋሙ አባላቱ የሚሰየሙት ከላይ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ሕዝቡ የመረጠው እንደራሴ ነበር ለማለት አይቻልም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቀጥተኛ ምርጫ ደነገገ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1949 ዓ.ም. ተካሄደ። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ሲሆን ለዕጩነት ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር ደግሞ አልነበረም። ጠቅላይ ግዛቱ ራሱ ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት አልነበረውም፤ ደሴ ላይ የሚቀመጠው እንደራሴ ወይም አገረ ገዢ የሚሾመው በንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

በዚህ ታሪክ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የውክልና ነገር ለወሎ ሰው እንዲሁ የወረቀት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ፣ ሕዝቡ እህልም ከብትም አልቆበት ወደ አውራ ጎዳና እየወጣ ሲወድቅ፣ በአዲስ አበባ ነገሩ ተሸፍኖ ለመቆየት ችሎ ነበር። ሽፋኑን ከገለጡት መካከል በስፍራው ተገኝተው ያዩትን በፎቶግራፍ ያሳዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙበታል። አገር ምድሩ የሚያልቅበትን ችግር በሕግ ፊት ቆሞ የሚያስመዘግብና መልስ ካላገኘ የማይቀመጥ ሰው የማጣት ትርጉም፣ ያንን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ሲያወጉት የሚዘገንን ነው።

ደርግ የቀድሞውን ፓርላማ አፍርሶ ለዓመታት ያለ ምክር ቤት ከገዛ በኋላ በ1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉትን ብሔራዊ ሸንጎ አስመርጧል። ክልል የሚባለው ራሱን የቻለ የሥልጣን እርከን የመጣው ግን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 7/1984 አማካይነት ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ጸድቆ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 59 ተሻሽሏል፤ ምክር ቤቱ ዛሬ የሚሠራውም በዚሁ ማዕቀፍ ነው።

ለመመረጥ ምን ያስፈልጋል? በተግባርስ የሚመረጡት እነማን ናቸው?

የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ዝርዝሩን ይደነግጋል። ለመምረጥ 18 ዓመት የሚበቃ ሲሆን ለመመረጥ ግን 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በፓርቲ ዕጩነት ወይም በግል መወዳደር ይቻላል፤ በግል የሚቀርብ ሰው የደጋፊዎች ፊርማ ማሰባሰብ ስለሚጠበቅበት መንገዱ ረዘም ይልበታል። የትምህርት ደረጃ በሕግ የተቀመጠ መስፈርት አይደለም፤ ይህም ተገቢ ነው እላለሁ፤ የበልጉን ዝናብ መምጣትና መቅረት እጁን አፍ ላይ ጭኖ የሚጠብቅ አርሶ አደር ስለ ግብርና በጀት ሊናገር የሚችለውን ሌላው አይናገረውምና።

በተግባር ዕጩ ሆነው የምናያቸው አብዛኞቹ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የጤና ሠራተኞች፣ የወረዳና የዞን አመራሮች፣ አንዳንድ ጊዜም አርሶ አደሮችና ነጋዴዎች ናቸው። ዕጩነታቸውን የሚወስነው በዋናነት ፓርቲያቸው በመሆኑ፣ የብዙዎቹ የፖለቲካ ሕይወት ከቀበሌ ወይም ከወረዳ መዋቅር ይጀምራል።

ሥራው የሙሉ ጊዜ ነው? ደመወዝስ ይከፈልበታል?

የፌዴራሉ ተወካይ ሥራውን ትቶ ምክር ቤት ይገባል፤ የክልሉ አባል ግን በአብዛኛው የቀደመ ሥራውን እንደያዘ ይቀጥላል። አስተማሪው ያስተምራል፣ ገበሬው ያርሳል። በምክር ቤቱ በቋሚነት የሚቀመጡት አፈ ጉባኤው፣ ምክትሉና የተወሰኑ የቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ለጉባኤና ለመስክ ምልከታ ሲጠሩ አበልና መጓጓዣ ይታሰብላቸዋል። «ተመርጦ ተመቸው» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ለአብዛኞቹ አይሠራም። የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ተወካዩን ከሕዝቡ ሳይርቅ እንዲኖር ያደርገዋል፤ በሌላ በኩል ረቂቅ አዋጅ ደርሶት በጥንቃቄ ለማንበብና ባለሙያ ለማማከር ጊዜ ያሳጣዋል። ሁለቱን ሳመዛዝን ጉዳቱ የሚያመዝን ይመስለኛል፤ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ያለውን የበጀት ሰነድ ከጉባኤው ዋዜማ ተቀብሎ በማግሥቱ እጅ ማንሳት ለማንም ሰው ከባድ ነው።

ጉባኤው መቼ ይካሄዳል? አባሉስ እዚያ ምን ይሠራል?

ምክር ቤቱ በዓመት ቢያንስ ሁለት መደበኛ ጉባኤዎችን ያካሂዳል፤ አስፈላጊ ሲሆንም አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ብዙ ጊዜ የበጀቱ ጉባኤ የሚውለው በሐምሌ ነው። ከደሴ የሚነሳ ተወካይ ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፎ ወልድያ ይደርስና፣ ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወረታን ይዞ ባሕር ዳር ይገባል፤ በአጠቃላይ ወደ 480 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ነው። ሐምሌ ላይ በጋሸና ጉም ያለፈ ሰው ይህ መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ ቢሆንም ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ ደግሞ ከወረዳ ወረዳ መንቀሳቀሱ ራሱ ሥጋት ያለበት ሆኗል።

በአዳራሹ ርዕሰ መስተዳድሩ የመንግሥታቸውን የሥራ አፈጻጸም ያቀርባሉ፤ አባላት ይጠይቃሉ፤ ቢሮ ኃላፊዎች ይመልሳሉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እና የዋና ኦዲተሩ ሪፖርቶች ይሰማሉ፣ ሹመቶች ይጸድቃሉ፣ ረቂቅ አዋጆች ይነበባሉ፣ በመጨረሻም በጀቱ በድምፅ ይወሰናል። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚሰጠው ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ ልምድ ያላቸው አባላት ጥያቄያቸውን አስቀድመው ጽፈው ይገባሉ። አባሉ የኦዲት ሪፖርቱ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያለበት ይመስለኛል፤ ገንዘቡ የት እንደገባ በቁጥር የሚያሳየው እሱ ነውና፤ አንድ አባል ከሪፖርቱ ውስጥ የራሱን ዞን ጉድለት አውጥቶ ቢጠይቅ ከአሥር የምስጋና ንግግር በላይ ለመራጩ ጠቅሟል።

ተወካያችን የባቡሩን መስመር ወይም መብራታችንን ለምን አያስጨርስልንም?

በየመድረኩ ብዙ ቁጣ የሚነሳው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ቁጣው ትክክል ሆኖ ሳለ አንዳንድ ጊዜ የሚወርደው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክት ነው። መብራትና ስልክም በፌዴራል ተቋማት ይተዳደራሉ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና አውራ ጎዳና እንዲሁ የፌዴራል ነው። ማዳበሪያ ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው ፌዴራል ሲሆን፣ ክልሉ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ያከፋፍላል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ዘግይቶ ሲመጣ ጥያቄው ለሁለቱም ነው።

የመሬት አስተዳደር፣ የክልሉ ፖሊስ፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶች፣ የክልሉ መንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ፣ በወረዳዎች መካከል የሚያገናኙ የገጠር መንገዶችና ትልልቅ የውሃ ፕሮጀክቶች ግን በቀጥታ የክልሉ ናቸው። የትምህርት ቤት መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳ በጀት ነው፤ ያ የወረዳ በጀት ግን አብዛኛው ከክልሉ በቀመር ተሠልቶ የሚወርድ ድጎማ ነው። ክልሉ ራሱም ከሚያስተዳድረው ገንዘብ ብዙውን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው የድጎማ ቀመር ነው። ይህን ሰንሰለት የተረዳ ሰው አቤቱታውን በትክክለኛው ደጃፍ ያደርሳል። በሴፍቲኔት ስሙ የተሰረዘበት ሰው ለምሳሌ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ቀበሌውና ወደ ወረዳው የቅሬታ ሰሚ ነው፤ ምልመላው የሚካሄደው እዚያ ነውና። የክልሉ ተወካይ የሚያስፈልገው ምልመላው በሙሉ አድሎ ያለበት መሆኑ ሲታይ፣ ወይም ወረዳው መልስ አልሰጥ ሲል ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን «ጉዳዩ የእኔ አይደለም» ብሎ ዝም ማለት ለተወካይ የሚፈቀድ ነገር መሆን የለበትም። የራሱ ሥልጣን ባልሆነ ነገር ላይ እንኳ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ነግሮ፣ ለሚመለከተው የፌዴራል ተወካይ አስተላልፎ፣ የተሰጠውን መልስ ይዞ መመለስ ይችላል።

የመራጭና ተመራጭ ውይይት ምን ይመስላል?

ጉባኤው ሲዘጋ አባላት ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው ሕዝቡን ማነጋገር አለባቸው። ስብሰባው የሚካሄደው ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ አዳራሽ ነው። አንዱን ብቻ ላንሳ። በአንድ የደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳ፣ በጥር ብርድ፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በተማሪ ዴስክ ላይ ተጣብቋል፣ ወጣቶቹ መስኮት ሥር ቆመዋል። ተወካዩ ወፍራም ደብተር ይዟል፤ እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፣ በግራ ጥያቄ በቀኝ መልስ። ሰው በተናገረ ቁጥር በግራ በኩል በትጋት ይጽፋል። ከዚያ አንዲት አዛውንት ተነሡ። ጥያቄያቸው የተበላሸው የእጅ ፓምፕ ነበር። ተወካዩ ሊጽፍ ሲያጎነብስ «ቆይ ልጄ፣ አትጻፍ» አሉት፤ «ይችኑ አምናም ጽፈሃታል፤ የአምናውን ገጽ ግለጥና ከጎኑ ያለውን አንብብልኝ።»

ገለጠው፤ ጥያቄው አለ፤ በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተወካዩ ግን አልሸሸም። ጉዳዩን ባሕር ዳር አንስቶት እንደነበር፣ ለዚያ ዓመት ለአዲስ ቁፋሮ የተያዘ በጀት እንደሌለ እንደተነገረው፣ ይህንንም ይዞ ለመምጣት አፍሮ ሳይናገር እንደቀረ ነገራቸው። እሳቸውም ቆመው እንዳሉ «የለም ብትለኝ ኖሮ እኮ አምናውኑ የታችኛውን ምንጭ ጠርገን ነበር፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ወንዝ ነው የወረዱ» አሉት። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህችን ንግግር እንዳለች ጻፍኳት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ተወካይ ሥራ ስጠየቅ መጀመሪያ የምትመጣብኝ እሷ ናት። «የለም» የሚለው መልስ በጊዜው ቢደርስ ኖሮ ለአንድ መንደር የአንድ ዓመት ውሃ ነበር። በዚያው ስብሰባ ላይ ወጣቶቹ ምንጩን በደቦ ለመጥረግ ቀን ቆረጡ፤ ተወካዩም ሲሚንቶ ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ለማስፈቀድ ቃል ገብቶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የፈቃዱን ደብዳቤ ይዞ ራሱ መጣ።

ተወካዩ ራሱ የወረዳ አስተዳዳሪ ወይም የቢሮ ኃላፊ ሲሆንስ?

ይህ የሥርዓቱ ደካማ ጎን ነው፤ ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባዋል። የምክር ቤቱ አንዱ ትልቅ ሥራ አስፈጻሚውን መቆጣጠር ሆኖ ሳለ፣ አባሉ ራሱ ከአስፈጻሚው ወገን ሲሆን ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ይሆናሉ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 294ቱም መቀመጫዎች በአንድ ድርጅት፣ በብአዴን፣ በተያዙበት ጊዜ ይህ ችግር ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል፤ አባሉ በአዳራሹ የሚጠይቀው ሰው በፓርቲው መዋቅር አለቃው ነበርና። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ አብላጫውን ብልጽግና ቢይዝም የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ ጥቂት መቀመጫዎች አግኝቷል። ጥቂትም ቢሆኑ የተለየ ድምፅ መኖሩ የጥያቄውን ዓይነት ይለውጣል። እንደ እኔ ግን ዋናው መፍትሔ ቋሚ ኮሚቴዎችን የአስፈጻሚነት ሥራ በሌላቸው አባላት መሙላትና የመስክ ምልከታ ግኝታቸውን በይፋ ማውጣት ነው።

ምክር ቤቱ ያወጣቸው ሕጎች በኑሯችን ላይ ምን ለውጥ አምጥተዋል?

ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል። የልጅነት ጋብቻ ሥር በሰደደባቸው የገጠር ቀበሌዎች ይህ አንቀጽ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ገበታ እንዳትነሳ መምህራን የሚቆሙበት መሬት ሆኗል፤ እኔም በሥራዬ ተጠቅሜበታለሁ። ሁለተኛው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በቁጥር 133፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 252 ተሻሽሎ ወጥቷል። በዚህ ሥርዓት የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት ሴት ደብተሯን ይዛ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ማየት፣ አዋጅ የሚባለው ነገር ከባሕር ዳር ተነሥቶ እስከ ማሳ ድንበር እንደሚደርስ ያሳያል። የክልሉ ሕጎች በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ታትመው ይወጣሉ።

በከሚሴና በሰቆጣ አካባቢስ?

በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር አካባቢ የሚገኙት የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር እና የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ለክልሉ ምክር ቤት ተወካይ ከመላክ በተጨማሪ የየራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው፤ አንዱ ከሚሴ ሌላው ሰቆጣ ላይ ይሰበሰባል። በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ኦሮምኛ የሥራ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል።

ያለመከሰስ መብት ማለት ወንጀል ቢሠራም አይጠየቅም ማለት ነው?

አይደለም። መብቱ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ አባሉ በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። ሁለተኛ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። ምክር ቤቱ መብቱን ካነሳው እንደማንኛውም ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል። የዚህ ጥበቃ ባለቤት በእውነቱ መራጩ ነው፤ ወኪሉ በፍርሃት ዝም እንዳይል የተሰጠ ነውና። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የክልሉም የፌዴራሉም ምክር ቤት አባላት መታሰራቸውን በሰማን ጊዜ ብዙ ተማሪዎቼ ይህንኑ አንቀጽ አንሥተው ጠይቀውኛል፤ እኔም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ጥበቃ ማለፊያ መንገድ መሆን የለበትም የሚል እምነቴን ደብቄ አላውቅም።

ሴቶች በዚህ ሥራ ምን ያህል ቦታ አላቸው?

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1949 ዓ.ም. ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በክልሉ ምክር ቤት ደግሞ ወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞ፣ ከዚያም ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬ አፈ ጉባኤ ሆነው መድረኩን መርተዋል። በወሎ ገጠር ዱበርቲ የሚባሉት የተከበሩ እናቶች ለእርቅና ለዱዓ ተሰብስበው የተናገሩት ቃል በአገር ሽማግሌ ፊት ሚዛን እንዳለው ለምናውቅ ሰዎች፣ የሴት ተወካይ በጉባኤ መናገር እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። የሚያስቸግረው ጉዞው፣ ማደሪያውና ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሥራ ነው፤ ሕፃን ያላት አባል ከሳይንት ተነሥታ ባሕር ዳር ለመሰንበት የምትከፍለውን ዋጋ ወንዱ አይከፍለውም።

ካልሠራ ልናወርደው እንችላለን?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል፤ አፈጻጸሙ በሕግ ይወሰናል። በተግባር ግን መራጩ የሚጠቀመው መሣሪያ በየአምስት ዓመቱ የሚመጣው ድምፅ ነው።

የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ወዴት ይሄዳል?

አንዳንዱ ድጋሚ ይወዳደራል፣ አንዳንዱ ወደ ዞን ወይም ወደ ቢሮ ኃላፊነት ያድጋል፣ ከፊሉ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ዕጩ ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ሥራቸውን አስቀድሞም ስላልለቀቁት ወደዚያው ይመለሳሉ። የማከብራቸው አንድ የቀድሞ ተወካይ ዛሬም በሰፈራቸው ቅሬ ጸሐፊ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ የያዟቸውን ደብተሮች በሣጥን አስቀምጠው፣ ለተተካው ሰው «ያልተመለሱት እነዚህ ናቸው» ብለው እንዳስረከቡት አጫውተውኛል። የምክር ቤት ሥራ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ምንኛ ደግ ነበር፤ በአብዛኛው ግን ከተወካዩ ጋር ጥያቄውም ይወጣል፣ አዲሱም ከባዶ ገጽ ይጀምራል።

ለተወካያችን አቤቱታ እንዴት እናቅርብ?

በቃል ብቻ አይሁን። ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ የት ቀበሌ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት አባወራ እንደሚነካ፣ ከዚህ በፊት ለማን አመልክታችሁ ምን እንደተባላችሁ ይስፈር። አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ መንገዱን፣ ውሃውንና የመምህር እጥረቱን አንድ ላይ ያጨቀ ማመልከቻ ከአንዱም ቢሮ መልስ አያገኝም። የሚመለከታቸው ሰዎች ይፈርሙበት። ተወካዩን በአካል ካገኛችሁት በእጁ ስጡት፤ ካላገኛችሁት በወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በኩል ወይም በቀጥታ ባሕር ዳር ለክልሉ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት አድራሻ አድርጋችሁ ላኩት። የበጀት ጥያቄ ከሆነ ሐምሌን አትጠብቁ፤ የዕቅድ ሥራው የሚያልቀው ከዚያ በፊት ስለሆነ ቢያንስ በበጋው ወራት ይድረስ። ኮፒ አስቀሩ፤ መዝገብ ቤት ስትሰጡም ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በኮፒው ላይ አስጽፉና በቅሬው ደብተር ውስጥ አስቀምጡት። ተወካዩ ለውይይት ሲመጣ ያንን ቁጥር ጠርታችሁ ከጎኑ የተጻፈውን መልስ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት።